የእናቴ ዶሮዎችና የእኔ ዕቅድ

(ደሴ ከተማ ውስጥ በአንድ የወጣቶች ማዕከል ለተሰበሰቡ ወጣቶች የቀረበ ንግግር)



መድረክ መሪው «የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ» ብሎ ሲያስተዋውቀኝ አንዳንዶቻችሁ ደብተር ስታወጡ አይቻለሁ። ግድ የለም፣ አስቀምጡት። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዶሮና ስለ ጎመን ነው። «በኤች አይ ቪ መከላከያ መድረክ ላይ ዶሮን ምን አመጣት?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም ስጋበዝ ይህንኑ ጠይቄ ነበር። «ወጣቶቹ ምክር ጠግበዋል፤ ከራስህ ቤት የሆነ ነገር አውራላቸው» ተባልኩ። ከራሴ ቤት ደግሞ ያለኝ ዶሮ ነው። እንዲያውም እውነቱን ልንገራችሁና፣ በሕይወቴ ካጠፋኋቸው ጥፋቶች ትልቁ የተፈጸመው የዶሮ ቤት ውስጥ ነው።

ቤታችን ዳገት ላይ ነው ያለው። ደሴ ውስጥ ሜዳ ላይ የተሠራ ቤት ብርቅ ስለሆነ ይሄ አይገርማችሁም። ከማድ ቤቱ ጀርባ እስከ ጎረቤት አጥር ድረስ ርዝመቷ አሥራ ሁለት፣ ወርዷ ሰባት እርምጃ የምትሆን ጓሮ አለችን። እዚያች ውስጥ ጎመን፣ ጤና አዳም፣ ሁለት ግንድ ጌሾና አንድ ያረጀ የኮክ ዛፍ አሉ። ጥግ ላይ ደግሞ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ የዶሮ ቤት። እናቴ ያኔ ስምንት እንቁላል ጣይ ዶሮዎችና አንድ አውራ ነበሯት፤ ሁሉም የሐበሻ።

ጧት 12 ሰዓት ሳይሞላ ትከፍትላቸዋለች። የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የእህል ግርድ፣ ያረጀ የጎመን ቅጠል ትሰጣቸዋለች። ማታ ጀንበር ስትጠልቅ ራሳቸው ወደ ቆጣቸው ይወጣሉ፤ እሷ ቆጥራ ትዘጋለች። ከዚህ በላይ ሥራ ያለው አይመስለኝም ነበር። ውኃቸውን ስትቀይር፣ ቅማላቸው እንዲቀንስ የሚንከባለሉበት አመድ ስታፈስላቸው፣ ጫጩት በተፈለፈለ ጊዜ ጭልፊት ስትጠብቅ፣ መታቀፍ ያማራትን ዶሮ ለይታ እንቁላል አስታቅፋ ሃያ አንድ ቀን ስትቆጥር እያየሁ ነው ያደግኩት። ማየቱን አይቻለሁ፤ ግን ሥራ ነው ብዬ አስቤው አላውቅም። እንዲያው ከማድ ቤቱ ጉድ ጉድ ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር ነበር የሚመስለኝ።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ። እኔ የሶሲዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ለመመረቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ እናቴ ቤት ተመለስኩ። ሥራ የለ፣ ትምህርት የለ፣ ያለው ስልክ ብቻ ነው። አንድ ማታ ስልኬ ላይ አንዲት ምርጥ ዝርያ ዶሮ በዓመት እስከ 300 እንቁላል እንደምትጥል አነበብኩ። ውሸት አይደለም፤ በደንብ የተያዘች ጣይ ዶሮ ወደዚያ ትጠጋለች። እኔ ግን ቁጥሩን እንጂ «በደንብ የተያዘች» የምትለዋን ቃል አላየኋትም። ወረቀት አወጣሁና መቶ ዶሮ በ300 እንቁላል፣ እሱን ደግሞ በ5 ብር አባዛሁ። 150,000 ብር! እናቴን ጠርቼ አሳየኋት።

«ልጄ፣ ወረቀት ላይ ያለ ዶሮ አይበላም፣ አይታመምም» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ልክ ነበረች። ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትፈልጋለች። መቶ ዶሮ ማለት እንግዲህ በዓመት ከ40 ኩንታል በላይ መኖ ማለት ነው። በቆሎውን፣ ፉርሽካውን፣ የኑግ ፋጉሎውን አስሉት። እኔ ከወጪው በኩል አንድ መስመር እንኳ አልጻፍኩም ነበር።

ለማንኛውም አጎቴ 2,000 ብር ሰጠኝና ከመቶው በሃያ ልጀምር ብዬ ሃያ ቄብ ገዛሁ። ነጋዴውን «ክትባት አላቸው?» ስለው «ሁሉም አላቸው» አለኝ። መቼ እንደተከተቡ አልጠየቅኩም፤ ወረቀትም አላሳየኝም። ማታ ከእናቴ ዶሮዎች ጋር ቀላቅዬ አስገባኋቸው። እናቴ «ለብቻ አድርጋቸው እንጂ፤ እንግዳ እኮ መጀመሪያ ሳሎን ነው የሚቀመጠው» ብላኝ ነበር። «እማዬ፣ ሌላ ቤት የት አለን?» አልኳት።

በስድስተኛው ቀን አንዷ ቄብ ላባዋን አቁማ፣ ዓይኗን ጨፍና ጥግ ይዛ ቆመች። ኩሷ አረንጓዴ ሆነ። በማግስቱ ሁለቱ አንገታቸው ተጠመዘዘ፤ ሌሎቹ አፋቸውን ከፍተው አየር ይስቡ ጀመር። ፈንግል ነበር። እኔ ግን ብርድ ነው ብዬ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ወቀጥኩላቸው። ቀጥዬም የሰው ቴትራሳይክሊን በውኃ በጠበጥኩላቸው። እናንተ ስለ ቫይረስና ስለ ባክቴሪያ ልዩነት ከእኔ የበለጠ ተምራችኋል፤ ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው፣ ቴትራሳይክሊን ደግሞ ቫይረስ አይነካም። ከገባ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ያለው ቀድሞ መከተብ ነው። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ከሃያ ዘጠኙ ሃያ አምስቱ አለቁ። የእናቴ አውራ አለቀ። ከስምንቱ ዶሮዎቿ የተረፉት ሦስት ነበሩ፤ ከእኔ ቄቦች ደግሞ አንዲት።

ይሄ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የመጀመሪያዎቹን የሞቱትን ዶሮዎች አልቀበርኳቸውም። በፌስታል አድርጌ ከቤታችን በታች ያለው ፈፋ ውስጥ ወረወርኳቸው። ውሾች ጎትተው በየግቢው አዳረሷቸው። በሳምንቱ የታችኛዋ ጎረቤታችን አምስት ዶሮ ሞተባቸው። አጥራችን አጠገብ ቆመው ምንም ሳይናገሩ ሲያዩኝ ያየሁት ፊታቸው አሁንም ይታየኛል። የሞተ ዶሮ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል፤ አይጣልም። ይቺን የተማርኩት በሰው ዶሮ ነው።

እናቴ አልተቆጣችኝም። ጎረቤት ሲጠይቃት «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች፤ በቃ። ይልቅ የከበደኝ ኋላ የመጣው ነው።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተመራቂዎች እንድንመለስ ስንጠራ እንደ ወትሮው የኪስ ገንዘብ ጠየቅኳት። ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ጊዜ ሁሉ ወር በገባ ቁጥር 100 ብር ትልክልኝ ነበር፤ ለፎቶ ኮፒ፣ ለሳሙና፣ አንዳንዴም ለሻይ። ከአባቴ ደመወዝ ነበር የሚመስለኝ። እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «እሱን እንኳ ዶሮዎቹ ነበሩ የሚሰጡህ» አለችኝ።

እስቲ አስሉት። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው የምትጥለው። ስምንት ዶሮ ወደ 400። ከዚያ ላይ ለመታቀፍ የሚቀመጠው አለ፣ ለበዓል አለ። በወር ለሽያጭ የሚተርፈው ሃያ ወይም ሃያ ሁለት ቢሆን ነው። ያኔ እኛ ሰፈር አንዱ እንቁላል 5 ብር ገደማ ይሸጥ ነበር። 100 ብር! እኔ እጄ ላይ የነበረችው መቶ ብር ማለት ነው። ሦስት ዓመት ስለ ቤተሰብ ኢኮኖሚ፣ ስለ ሴቶች ያልተከፈለ ሥራ ተምሬ ፈተና አልፌያለሁ። በኪሴ ያለችውን መቶ ብር ግን ከየት መጣሽ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ታናሽ እህቴ በኋላ እንደነገረችኝ ደግሞ እቤት እንቁላል የሚበላው የታመመ ሰው ብቻ ነበር።

ስመለስ ያለ መቶ ብሯ ነው የተመለስኩት። እንደምንም ተመረቅኩ።

ሥራ ስፈልግ በከረምኩበት ጊዜ እንደገና ጀመርን፤ በአራቷ። አሁን ግን አዛዡ እሷ፣ ታዛዡ እኔ። መጀመሪያ ወደ እንስሳት ሐኪሙ ሄድኩና ለአራት ዶሮ የፈንግል ክትባት ፈለግኩ። ሐኪሙ ሳቀ። ክትባቱ የሚመረተው እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ነው፤ ዋጋውም የሚያስደነግጥ አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፤ ከተከፈተ ደግሞ ለነገ አይቀመጥም። አራት ዶሮ ወይም ስድስት ዶሮ ያላት አንዲት እናት ብልቃጡን ብቻዋን ገዝታ ምን ታድርገው? ስለዚህ አይከተቡም። በየክረምቱ መግቢያ ፈንግል ሲመጣ ሰፈሩ ሙሉ ያልቅና «ዓይን በላቸው» ይባላል። ይሄ ነገር በጣም ነው የገረመኝ። እድል ወይም ቡዳ ሲባል የኖረው ነገር የብልቃጥ መጠን ነበር!

በዩኒቨርሲቲ የቤት ለቤት ጥናት እንዴት እንደሚደረግ ተምሬ የለ? ደብተር ይዤ ሰፈሩን ዞርኩ። አሥራ ስምንት ቤት፣ ዘጠና አራት ዶሮ። የብዙዎቹ ጥያቄ «ስንት ነው የምናዋጣው?» ነበር። አንዳንዶቹ «ዶሮ የሞተው እናንተ ቤት አይደል እንዴ?» አሉኝ። የታችኛዋ ጎረቤታችን በር ላይ ስደርስ እግሬ ከበደኝ።

«አንተ ልጅ፣ ዶሮዎቼን ፈጅተህ ስታበቃ ደግሞ ልትወጋቸው መጣህ?» አሉኝ።

«በመርፌ አይደለም እትዬ፣ በዓይን ጠብታ ነው። አንዲት ጠብታ ብቻ።»

«አሁን የቀረችኝ አንዲት ናት።»

«እሷን ይዘው ይምጡ። ከሚቀጥለው ጫጩታችን ሁለት ቄብ እሰጥዎታለሁ።»

መጡ። ቅዳሜ ጧት ሁሉም ዶሮውን በቅርጫት፣ በካርቶን፣ አንዱ ልጅ በትምህርት ቤት ቦርሳው አድርጎ መጣ። ክትባቱን በረዶ ባለበት ፔርሙዝ ይዘን አንድ ሰው ዶሮዋን ያቅፋል፣ ሌላው ጭንቅላቷን ይዞ ዓይኗ ላይ አንዲት ጠብታ ያሳርፋል፣ እስክታርገበግብ ይጠብቃል፣ ይለቃታል። ለሁሉም ሁለት ሰዓት አልፈጀም። የታመመች የምትመስለውን ሐኪሙ ለይቶ መለሳት፤ ክትባት ለጤነኛ ነው። ከዚያ በኋላ በየአራት ወሩ እንደግመዋለን። ለእትዬም ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ሁለቱን ቄብ ስወስድላቸው አንዷን መርጠው ትንሿን መለሱልኝ። «አንዷ ትበቃኛለች፤ ቤቴ ጠባብ ነው» አሉ።

ስለ ጓሮው ደግሞ ላንሳ። ዶሮና ጎመን በአንድ ጓሮ እንደ ሁለት ጣውንት ናቸው። ችግኝ ሳይሰድ ዶሮ ጭራ ትነቅለዋለች፤ ቡቃያውን ትለቅመዋለች። እኛ ሽቦ መግዛት ስላልቻልን ሽንኩርት የሚመጣበትን መረብ ከረጢት እየተረተርን፣ እየሰፋን በእንጨት ወጥረን አጠርነው። ካየችሁት አታምርም፤ ግን ይዛለች። ሌላው የዶሮ ኩስ ነው። ትኩስ ኩስ በቀጥታ ሥሩ ላይ ብታደርጉት አትክልቱን ያቃጥለዋል፤ እኔ አንድ መደብ ቆስጣ አቃጥዬበታለሁ። ከደረቅ ሣርና ከቅጠል ጋር ደራርባችሁ፣ እርጥበቱን እየጠበቃችሁ፣ እያገላበጣችሁ ሁለት ሦስት ወር ስታቆዩት ግን ሽታው ይጠፋና ጥቁር አፈር ይሆናል። በእሱ የተተከለ ጎመን ከሌላው ይለያል፤ ታናሽ እህቴ እንኳ ታውቀዋለች። ክሽክሽ ሲያስቸግር አመድ እንነሰንስበታለን ወይም በሳሙና ውኃ እናጥባለን። በጋ ላይ የአትክልት መታጠቢያውን ውኃ እዚያው እናፈሳለን። ከግቢ ጎመን ከቀጠፋችሁ ያን ቀን ለጎመን ብር አልወጣም፤ ይሄ በየትኛውም ደብተር ላይ እንደ ገቢ አይጻፍም።

ጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እንደ ብዙዎቻችሁ ቤተሰብ እኛም ቤታችንን ዘግተን ወጣን። እናቴ የዶሮ ቤቱን በር ከፍታ፣ ያለውን በቆሎ በሙሉ ግቢው ውስጥ በትና ነው የወጣችው። ከአንድ ወር በላይ ቆይተን ስንመለስ ዶሮ የሚባል የለም። ጎመኑ ግን ቆሞ ነበር፤ ቅጠሉ ጠንክሮ፣ ጫፉ ሊያብብ ደርሶ። ያን ሳምንት የበላነው እሱን ነው። ስለዚያ ጊዜ ብዙ ማለት አልፈልግም።

በኋላ ሐይቅ ያሉ ዘመዶቻችን ሁለት ቄብና አንድ አውራ ላኩልን። እናቴ «ሳሎን» ብላ ሳቀችብኝ። አሥራ አራት ቀን በተቀደደ ቅርጫትና በጣውላ በሠራሁት ማቆያ ለብቻ ከረሙ፤ የሚጠጡበትም ለብቻ። አሁን አሥራ ሁለት ናቸው።

ደብተሩን አልተውኩትም። በየቀኑ ስንት እንቁላል፣ ስንት ተሸጠ፣ ስንት ተበላ ብለን እንጽፋለን፤ እህቴ ናት ጸሐፊዋ። ከአሥር እንቁላል ሦስቱ ለቤት ይቀራል፤ ይሄ የእናቴ ሳይሆን የእህቴ ሕግ ነው፣ ታግላ ያጸደቀችው። ከደብተሩ የማይጠቅም የሚመስል ግን የጠቀመን ነገር አግኝተናል። ዐቢይ ጾም ሲገባ የእንቁላል ዋጋ ይወርዳል፤ ለፋሲካ ይወጣል። እዚህ ደሴ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ስለሚገዙን ጨርሶ አይቆምም እንጂ መውረዱ አይቀርም። ስለዚህ ጾሙ ሲገባ እናስታቅፋለን። በሰባተኛው ቀን ማታ በስልክ መብራት እንቁላሉን እናያለን፤ እንደ ሸረሪት ድር የደም ሥር ከታየ ሕይወት አለው፣ ጥርት ካለ ይወጣል። ወጣቶች ስልካችሁን ከያዛችሁ አይቀር ለዚህም ይሆናል። የወሬ ጉዳይም አለ። በ1998 ዓ.ም. የወፍ ጉንፋን ገባ በተባለ ጊዜ፣ ምርመራው እንዳልሆነ ቢያሳይም፣ እንቁላል የሚገዛ ጠፍቶ እንደነበር እናቴ ታስታውሳለች። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ የማስታውሰው ያን ሰሞን እንቁላል በብዛት መብላታችንን ነው።

አሁን በሥራዬ በየቤቱ እገባለሁ። አንድ ነገር ልናገርና ልጨርስ። ሁለት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ አንዲት አሮጊት እናት አሉ። ከየት እንደሆነ አልናገርም፤ አምስት ምርጥ ዶሮዎች ተሰጧቸው። ርክክቡ ላይ ፎቶ ተነሡ። ቤት የሌላቸው ዶሮዎች ናቸው፤ መኖ የአሥር ቀን። ሁለቱን ሸለምጥማጥ በላቸው፣ አንዷ ለልጁ መድኃኒት ተሸጠች፣ የቀሩት በፈንግል ሞቱ። በሁለት ወር አለቀ። በሪፖርቱ ላይ ግን እኚህ እናት እስከ ዛሬ «የዶሮ እርባታ ተጠቃሚ» ናቸው። ሄጄ ሳነጋግራቸው «ልጄ፣ ሌላ ዶሮ እንዳታመጣብኝ፤ እነሱ ሲሞቱ ልጆቹ አልቅሰው አልቅሰው ታመሙብኝ» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ዶሮ አላመጣሁባቸውም። ሦስት የዚህ ማዕከል ልጆች ሁለት ቅዳሜ ሠርተው ከመሬት ከፍ ያለች፣ በሯ የሚቆለፍ የዶሮ ቤት አቆሙላቸው። አራት መደብ ጎመን ተከሉ፤ በመረብ ከረጢት አጠሩት። የዶሮ ቤቷ ባዶ ሆና አንድ ወር ተቀመጠች። ከዚያ አሮጊቷ ራሳቸው አንዲት የሐበሻ ዶሮ ገዙ፤ በራሳቸው ገንዘብ። ትልቁ ልጅ ማታ ማታ እየቆጠረ ይዘጋል፤ አንዲት ዶሮ ምን ትቆጠራለች አትበሉት፣ ይቆጥራል። አሁን ታቅፋለች፤ ትናንት አሥራ ሰባተኛ ቀኗ ነበር።

እንግዲህ የፊታችን ቅዳሜ የክትባት ቀናችን ነው። ጧት 2 ሰዓት ላይ እኛ ግቢ። በረዶ የሚይዝ ፔርሙዝ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የእኛው ክዳኑ ተሰብሯል። ዶሮ ማቀፍ የማይፈራም ሁለት ሰው እፈልጋለሁ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።